የሞተር ዘይት ምርጫ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ አዘዞ ዘይት ለመቀየር በቆምኩበት ሁሉ የምሰማቸውን ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ አስከትያቸዋለሁ።

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ ነው?

ማለስለስ ዋናው ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት በደቂቃ ሺህ ጊዜ ይተሻሻሉ። በመሃላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። እሱ ከጠፋ ብሮንዙ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ይበላል፤ ሲብስም ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

ከዚህ ሌላ ዘይቱ የራዲያተሩ ውሃ የማይደርስበትን የፒስተን ሙቀት ይዞ ይወርዳል። ጥቀርሻውን አጥቦ ወደ ፊልትሮ (ማጣሪያው) ይወስዳል። ከቃጠሎው የሚመጣውን አሲድ ያመክናል። በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) እና በሲሊንደሩ መካከል ያለችውን ክፍተትም ይደፍናል።

ጋሎኑ ላይ 5ደብልዩ-30፣ 20ደብልዩ-50 የሚለው ምን ማለት ነው?

የዘይቱ ቅጥነትና ውፍረት ነው። ቅቤን አስቡት። ዳባት በጠዋት ግግር ብሎ ማንኪያ ያጎብጣል። ያው ቅቤ መተማ ሲወርድ እንደ ውሃ ይፈሳል። ዘይትም ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ሁለት ቁጥር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ ብርድ ላይ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። «ደብልዩ» የምትለዋ ፊደል የፈረንጆቹን የበረዶ ወራት ታመለክታለች። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቶሎ ይዳረሳል። ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ፣ ያለውን ውፍረት ያሳያል። 30 ከ40 ይቀጥናል፤ 40 ከ50 ይቀጥናል።

ቁጥሮቹ የጥራት ደረጃ አይደሉም። «50 ከ30 ይበልጣል» ተብሎ ከተሸጠላችሁ የሚበልጠው ውፍረቱ ብቻ ነው። «40» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት ዘይትም አለ። እሱ በአብዛኛው ለድሮ ሞተሮች ነው፤ ጠዋት ላይ ይከብዳል።

ታዲያ የኔ መኪና የትኛውን ነው የምትፈልገው?

መልሱ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ በምን ዘይት እንደሞከረው የሚያውቅ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፦ «መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው እኮ!» እውነት ነው። የብዙዎቻችን ቪትዝና ኮሮላ አገልግሎ የመጣ ነው። መጽሐፉ ወይ ጠፍቷል ወይ ማንበብ አንችልም። ግን ማንበብ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ያው የምናውቀው ቁጥር ነው። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ሰንጠረዦች ግለጡ። 0ደብልዩ-20 ወይም 5ደብልዩ-30 የሚል ፈልጉ። ከአጠገቡ 3.1 ወይም 3.7 የመሰለ ቁጥር ካለ እሱ ሊትሩ ነው።

መጽሐፉ ጨርሶ ከሌለ ኮፋኖውን ክፈቱና የዘይት መሙያውን ክዳን በጨርቅ ጥረጉት። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩ እዚያው ክዳኑ ላይ ታትሟል። አቧራና ዘይት ሸፍኖት ስለሚቆይ ነው የማናየው።

ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል ይባላል። ለጎንደር አቀበት እሱ አይሻልም?

በጣም የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። በጣም የምከራከርበትም ይሄው ነው። ወፍራም ዘይት ሁሉ ጠንካራ ዘይት አይደለም። የቅርብ ጊዜ ሞተሮች ክፍተታቸው ጠባብ ነው። የዘይት ፓምፓቸውም የተሠራው ቀጭን ዘይት እንዲገፋ ነው። ወፍራም ሲገባባቸው ጠዋት ሲነሱ ዘይቱ እላይ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። ሞተር ደግሞ በጣም ከሚጎዳባቸው ጊዜያት አንዱ ያ የመጀመሪያው ጥቂት ሰከንድ ነው። በ40 ዲግሪ ሲለካ እንኳ 20ደብልዩ-50 ከ5ደብልዩ-30 ከሁለት እጥፍ በላይ ወፍራም ነው። የጎንደር የኅዳር ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ልዩነቱ ይብሳል።

የራሴን ልንገራችሁ። ቪትዜን በገዛሁ ዓመት የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ያለው መካኒክ «ወንድሜ፣ ለዚህ አቀበት የሚያዋጣህ ወፍራሙ ነው» ብሎ 20ደብልዩ-50 ሞላልኝ። አመንኩት። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲመታት ባደረ መኪና፣ ቁልፉን ሳዞር ከኮፋኖው ሥር ትክ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አምስት ስድስት ሰከንድ ይቆይና ይጠፋል። «ቫልቭ ነው፣ ይከፈት» ተባልኩ። ሌላ መካኒክ ጋ ስሄድ ግን የዘይት መለኪያውን አወጣ፣ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ሳንከፍታት መጀመሪያ ዘይቷን እንቀይር» አለኝ። 5ደብልዩ-30 ገባላት። በማግስቱ ጠዋት ያ ድምፅ አልነበረም። የመጀመሪያው መካኒክ ክፉ አላሰበም። እጁ የለመደው የድሮ ላዳና አይሱዙ ነው፤ ለነሱ ወፍራሙ ትክክል ነበር።

አቀበቱን በተመለከተ፦ እኛ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሰን ደህና አድርገን እንረግጣለን። ሞተሩ በብዙ ዙር ይሠራል፣ ይሞቃል። ይሄ የሚጠይቀው ልኩን የሞላ፣ ያልቆየ፣ ጥራት ያለው ዘይት ነው። አንዳንድ የቶዮታ መመሪያዎች ለሙቅ አካባቢ 15ደብልዩ-40ን ወይም 20ደብልዩ-50ን ጭምር ይፈቅዳሉ። መጽሐፉ ከፈቀደ፣ ጭነትም ካበዛችሁ፣ ከተፈቀዱት መካከል ወፈር ያለውን መውሰድ ያስኬዳል። ካልፈቀደ ግን አቀበቱን ምክንያት አታድርጉ።

ወደ መተማ ስወርድ ወይም ወደ ደባርቅ ስወጣ ዘይት መቀየር አለብኝ?

ለአንድ ጉዞ ብላችሁ አትቀይሩ። መተማ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ደባርቅ በጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቴርሞስታቱ የውሃውን ሙቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ይዞ ስለሚቆይ፣ የውጭው አየር በተለወጠ ቁጥር የዘይቱ ሙቀት በዚያው ልክ አይለወጥም። ብርዱም ቢሆን የኛ ብርድ ለዘይት ቀላል ነው። 5ደብልዩ የሚባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው።

ከጉዞ በፊት የምትለኩት ልኩን ነው። በተለይ ሊማሊሞን ለምትወርዱ። ዘይቱ ጎድሎ መኪናዋ ስታዘቀዝቅና ጥምዝ ላይ ስትዞር፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑም አየር ሊስብ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል።

ሚኒራል፣ ሰሚ ሲንቴቲክ፣ ሲንቴቲክ ይላሉ። ለልዩነቱ መክፈል ያዋጣል?

ሚኒራል ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው ነው። ሲንቴቲክ የበለጠ የተጣራ ወይም በኬሚካል ሂደት የተሠራ ነው። ሰሚ ሲንቴቲክ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ሲንቴቲክ ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም፣ ብርድ ላይም በቀላሉ ይፈሳል። 0ደብልዩ-20 ካያችሁ ሲንቴቲክ ነው ብላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ቱርቦ ላለው ሞተርና መመሪያው ቀጭን ዘይት ለሚጠይቅ መኪና ሲንቴቲክ ግዙ፤ እዚያ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ለድሮ ኮሮላ ወይም ለናፍጣ ሚኒባስ ግን በጊዜው የሚቀየር ጥሩ ሚኒራል፣ «ውድ ነው» እየተባለ ዓመት ከሚቆይ ሲንቴቲክ ይሻላል።

ኤስኤን፣ ኤስፒ፣ ሲአይ-4 የሚሉት ፊደላትስ ምንድን ናቸው?

እነዚህ ናቸው ጥራቱን የሚናገሩት። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ኤፒአይ፣ የሚያወጣው ደረጃ ነው። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤል እ.ኤ.አ. 2001፣ ኤስኤም 2004፣ ኤስኤን 2010፣ ኤስፒ 2020 የወጡ ናቸው። አዲሱ የቀድሞዎቹን ይተካል፤ ኤስኤል ለሚጠይቅ መኪና ኤስኤን መጨመር ችግር የለውም። የተገላቢጦሹ ነው የሚጎዳው።

ርካሽ ጋሎን ስታገኙ ጀርባውን አገላብጡ። ኤስኤፍ የሚል ካያችሁ መልሱት። ኤፒአይ ራሱ ያ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይሆን ይናገራል። የፊት ለፊቱ ቁጥር 20ደብልዩ-50 ስላለና ጋሎኑ ስለሚያምር ብቻ እየተገዛ የሚሄድ ዘይት ነው።

የናፍጣ ዘይት ቤንዚን መኪና ላይ ይሆናል? ወይስ በተቃራኒው?

አንዳንዱ ዘይት ለሁለቱም ተፈትኗል። ጋሎኑ ላይ ሲአይ-4/ኤስኤል ተብሎ ሁለቱም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እንደዚያ ከሆነና ውፍረቱም ልክ ከሆነ ይሆናል። በ«ሲ» ብቻ የተጻፈ ከሆነ ግን ለቤንዚን መኪና አልመክርም።

በተቃራኒው ያለው ይብሳል። ናፍጣ ብዙ ጥቀርሻ ያመነጫል። በውስጡ ያለው ድኝ ሲቃጠልም አሲድ ይፈጥራል። የናፍጣ ዘይት ይህን ተሸክሞ እንዲቆይ የሚያጥቡና አሲድ የሚያመክኑ ቅመሞች በብዛት ይገቡበታል። የቤንዚን ብቻ የሆነ ዘይት ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ላይ ከገባ ቶሎ ይደፈርስና ዝቃጭ ይሆናል። አዳዲስ የናፍጣ ፒካፖች ጭስ ማጣሪያ ካላቸው ደግሞ አመዱ ያነሰ ዘይት፣ ለምሳሌ ሲጄ-4 ወይም ሲኬ-4 ይፈልጋሉ። ካልሆነ ማጣሪያው ይደፈናል።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ለሚኒራል 5,000፣ ለጥሩ ሲንቴቲክ እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው። ሰዎች ግን መመሪያው ውስጥ ያለችውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይዘሏታል። አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ከባድ ጭነት፣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ካለ ጊዜው ይጠር ትላለች። እኛ ጋ አራቱም አሉ። ከማራኪ ፒያሳ የምትመላለስ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ትጠፋለች። በበጋ የገጠሩ መንገድ አቧራ ነው። ነዳጅ ወረፋ ላይ ሞተር እየሠራ ግማሽ ቀን ሲቆም ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን እየተቃጠለ ነው።

ስለዚህ ሲንቴቲክም ቢሆን ከ7,000 ባታሳልፉት እመርጣለሁ። ብዙ የማትነዱ ከሆነም ቢያንስ በዓመት አንዴ ቀይሩ። መኪና ቆማ እርጥበትና አሲድ ዘይቱን ያበላሹታል።

ስንት ሊትር ይገባል? የገዛሁትን 4 ሊትር ጨርሼ ባደርገውስ?

አታድርጉት። የቪትዝ 1.0 ሞተር ፊልትሮ ተቀይሮ እንኳ የሚይዘው 3 ሊትር ከትንሽ ነው። ጋሎኑ ደግሞ 4 ሊትር ነው። «ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ» ተብሎ ይገለበጣል። ትርፉ ዘይት በሚሽከረከረው ብረት እየተመታ አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ግፊቱም በየጉርኒሲዮኑ (በየመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ማፍሰስ ያስከትላል። የተረፈውን ዘይት በደንብ ክደኑና መኪናው ውስጥ አስቀምጡት፤ ሲጎድል ትጨምሩበታላችሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎንደር ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ግን ደጃችሁ ያለችው ትንሿ ዳገት ልኩን ታሳስታለች። ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱ፣ እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ስትጨምሩ በሩብ ሊትር፣ በሩብ ሊትር ይሁን።

ፊልትሮውን ዘይት በተቀየረ ቁጥር መቀየር ግድ ነው?

አዎ። አሮጌው ፊልትሮ በሆዱ ቆሻሻ ዘይት ይይዛል፤ አዲሱን ዘይት ወዲያው ያቆሽሸዋል። ሲደፈን ደግሞ ውስጡ ያለው ማለፊያ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል። ከዘይቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ፊልትሮ ውድ አይደለም።

ሲቀየር ግን አጠገቡ ቁሙ። እኔ አንዴ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ተቀየረልኝ። ጨርሶ አስረከበኝ፤ ወደ አዘዞ ሄጄ ስመለስ ቀዩዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ወርጄ ሳይ ከፊት ጎማው ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተሠርቷል። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሮ፣ አዲሱ በላዩ ላይ ታስሯል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ግፊት አይችልም። ወዲያው ስላጠፋሁ ሞተሩ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ሲፈታ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱን በዓይኔ ሳላይ አዲሱን አላስርም። የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ማስነካትና በእጅ ማጥበቅ በቂ ነው።

ቀዩዋ የዘይት መብራት ብትበራ ቤቴ ድረስ ልሂድ?

አይሆንም። ያቺ መብራት የምትናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው። ስትበራ ዘይቱ ወደ ብሮንዙ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ለኩ። ልኩ ሙሉ ሆኖም ካልጠፋች በገመድ አስጎትቷት። ከሳሙና በር እስከ ቤት ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ሞተር አስወርዶ እስከ ማሠራት ሊያደርስ ይችላል።

ዘይቱ ጠቁሯል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ናፍጣ ሞተር ላይ አዲስ ዘይት በገባ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥቀርሻውን ተሸከመ ማለት ነው፣ ሥራው ነው። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉት። እየሳሳ ወደ ዳር ከተሰራጨ ገና ነው። መሃሉ ላይ እንደ ጭቃ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ጊዜው አልፏል።

ከጥቁሩ ይልቅ የሚያስፈራው ቡናማ ሻይ በወተት የመሰለው ነው። ውሃ ገብቶበታል። ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ከታየ የአጭር ጉዞ እርጥበት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ላይ ከታየ የቴስታታ ጉርኒሲዮን አስመርምሩ።

ሌላው ሽታው ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን እንገዛለን። አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ጋዝ በደንብ ሳይቃጠል በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ያቀጥነዋል። የዘይቱ ልክ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለና ጋዝ ጋዝ ከሸተተ ኪሎ ሜትሩን ሳትጠብቁ ቀይሩት።

የተለያየ ብራንድ መቀላቀል ይቻላል?

መንገድ ላይ ጎድሎ ከሆነ ይቻላል። ኤፒአይ ደረጃ ያላቸው ዘይቶች እርስ በርስ አይጣሉም። ሚኒራልና ሲንቴቲክም ቢቀላቀሉ አይረጉም፤ የሲንቴቲኩ ጥቅም ነው የሚቀንሰው። ጎድሎ ከመሄድ ቀላቅሎ መሄድ ይሻላል። ባጃጅ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

የባጃጅ ዘይትና የመኪና ዘይት አንድ ነው?

አይደለም። ባጃጅ ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ብዙ የመኪና ዘይቶች፣ በተለይ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት ቀጫጭኖቹ፣ መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም አላቸው። ለመኪና ሞተር ጥሩ ነው። ለባጃጅ ፍሪሲዮን ግን ጠር ነው። አቀበት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጇ ግን አትሄድም። ጋሎኑ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ፈልጉ። ለባለ አራት ምት ባጃጅ የተለመደው 20ደብልዩ-50 ነው፤ እዚህ ጋ ወፍራሙ ቦታውን አግኝቷል።

አስመሳይ ዘይትን እንዴት ልለይ?

በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ቀለሙም ሽታውም ብዙ አይነግርም። የሚያዋጣው የምትገዙበትን ቦታ መምረጥ ነው፤ ማደያ ወይም ደረሰኝ የሚሰጥ ወኪል። የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩ ጋሎኑ ላይ በትክክል መታተሙን፣ አፉ ላይ ያለው ሽፋን መታሸጉን እዩ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ምክንያት አለው።

ባዶ ጋሎናችሁን ደግሞ ጋራዥ ትታችሁ አትሂዱ። ወይ ውሰዱት፣ ወይ በቢላ ብሱት። አስመሳዩ የሚሞላው እውነተኛው ጋሎን ውስጥ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት የት ላድርገው?

ቦይ ውስጥ አትድፉት። ይሄንን በልመና ነው የምናገረው። የምንጠጣው ውሃ ከአንገረብ ግድብም ይመጣል። በጥምቀት የምንጠመቅበት የፋሲል ባሕር የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ላይ የፈሰሰው ዘይት ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይዞት የሚወርደው ወደነዚሁ ወንዞች ነው። ጥቂት ሊትር ዘይት እጅግ ብዙ ውሃ ያበላሻል።

በተከደነ ጀሪካን አጠራቅሙትና ለሚሰበስቡ ሰጥታችሁ ተገላገሉ። የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመከላከል የሚቀቡትም አሉ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከአትክልት ይራቅ። ቆዳችሁ ላይ ደጋግሞ አይንካ፤ የተቃጠለ ዘይት በጊዜ ብዛት የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ይሄ በተለይ ጋራዥ ውስጥ ለሚውሉት ልጆች ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናስ ዘይት ትፈልጋለች?

የሞተር ዘይት አትፈልግም። የማርሽ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግን አላት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለው የቤንዚን ሞተር ተተኪው ውድ ሆኗል። እኔ ዘይቱን የምጠብቀውም አንዱ ለዚህ ነው።

መመሪያው 0ደብልዩ-20 ይላል፤ ገበያ ላይ አጣሁ። ምን ላድርግ?

ቶዮታ በብዙ መመሪያዎቹ ላይ መልሱን ጽፎታል፦ ካልተገኘ 5ደብልዩ-30 ይጠቀሙ፣ በሚቀጥለው ቅያሪ ግን ወደ 0ደብልዩ-20 ይመለሱ። ስለዚህ አንድ ደረጃ ብቻ ውጡ። 0ደብልዩ-20 ያጣ ሰው 20ደብልዩ-50 ይዞ ሲመለስ ነው ችግሩ። ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ለሚቀጥለው ቅያሪ አንድ ጋሎን ከፊልትሮው ጋር አስመጥታችሁ አስቀምጡ። ሳይከፈት፣ ፀሐይ በማይመታበት ቦታ ዓመታት ይቆያል።

መኪናዬ አርጅታ ዘይት ትጠጣለች። ወፍራም ባደርግላት ይተዋታል?

መጀመሪያ ትጠጣለች ወይስ ታፈሳለች የሚለውን እንለይ። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ጠብታ ካለ ማፍሰስ ነው፤ ውፍረት አያድነውም፣ ጉርኒሲዮን ነው የሚቀየረው።

ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ጭሱን እዩ። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዳችሁ፣ ታች ደርሳችሁ መልሳችሁ ስትረግጡ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ በአብዛኛው የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አየር እንደተነፈገ ስለሚስብ ዘይቱን ከላይ ይጎትተዋል። ይሄ ሞተር ሳይወርድ ይጠገናል። አቀበት ላይ ስትረግጡ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻ ያመለክታል። ከሁሉም በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ አሳዩ። ርካሽ ዕቃ ናት፤ ስትደፈን ብዙ ዘይት ታስጠጣለች፣ ብዙ ሰውም በሷ ምክንያት ያለ አግባብ ሞተር አስወርዷል።

ከ30 ወደ 40 አንድ ደረጃ ማወፈር ጊዜ ይገዛል። ለተበላ ሞተር ያንን እኔም አደርጋለሁ። ወደ 50 መዝለል ግን ጠዋት ጠዋት ላይኛውን ክፍል እያስራቡ ታችኛውን ማስታመም ነው። ስንት እንደምትጠጣ ደግሞ በግምት አትናገሩ። ሙሉ ልክ አድርጋችሁ ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፉ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ለኩ፣ የጨመራችሁትን መዝግቡ። ቶዮታ በብዙ መመሪያዎቹ እስከ 1 ሊትር በ1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ከፍተኛ ገደብ ይቀበላል። ከዚያ በታች ከሆነ እየጨመራችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ካለፈ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ መካኒክ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደጨመራችሁ ነው።